የሁለተኛው ሽፍታ ጥርስ

ሰሜን ሆሊውድ፣ ካሊፎርኒያ
ዲሴምበር 6 ቀን 1953

ለእትዬ ቨርዳ፤

ስቱዲዮው የካውቦይ ፊልም ክፍሉን አርብ ዕለት ዘጋ።

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽው የሱፍ ካልሲ ደርሶኛል። እዚህ አገር ብርድ የለም ብልሽም ስለማታምኚኝ አድርጌዋለሁ። መልሱን ያዘገየሁት በስንፍና አይደለም፤ ቁርጡን እስካውቅ ብዬ ነው። አሁን ታወቀ።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አልተጎዳሁም። ጋዜጣ ላይ ስለ እሱ ያነበብሽው፣ ከሠረገላ ወድቆ ትከሻው የወለቀው ሰው ሌላ ነው። እኔ ከሠረገላ መውደቅ ከተውኩ ቆየሁ። አሁን የምወድቀው ከፈረስና ከበረንዳ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ጠዋት ባንክ ዘረፍን፣ ከምሳ በኋላ ተያዝን። እኔ እንደ ልማዴ ከአለቃው ጀርባ የሚቆመው ሁለተኛው ሽፍታ ነበርኩ። ጀግናው ከፈረስ ማጠጫው ጀርባ ሆኖ ተኮሰብኝ፤ ሆዴን ይዤ ከመጠጥ ቤቱ በረንዳ ወደቅኩ። ዳይሬክተሩ ድገሙት አላለም። አቧራዬን አራግፌ ስነሳ የልብስ ክፍሏ ሴትዮ መጥታ ሰደርያዬን አስወለቀችኝ።

ያንን ነጭና ጥቁር ሰደርያ ለምን እንደማልቀይረው ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። ነገሩ ቀላል ነው። ፈረስ ሲጋልብ ማንሳት ውድ ስለሆነ፣ ስቱዲዮው አንዴ ያነሳውን ግልቢያ ለሌላ ፊልምም ይጠቀምበታል። አሮጌው ግልቢያ ከአዲሱ ጋር እንዲገጥም ሽፍታው ሁልጊዜ ያንኑ ልብስ መልበስ አለበት። እኔም ስለብስ ኖርኩ።

«ይሄን ለምን ትወስጂዋለሽ? ለሌላ ሰው አይሆንም» አልኳት።

«ዕቃ ቤት ይቀመጣል።»

«እኔስ?»

«አንተማ ገና ትንቀሳቀሳለህ» አለችኝ።

ወደ ቤት ና ያልሽውን አንብቤዋለሁ፤ አልዘለልኩትም። ነገር ግን ሁሉም ሰው ስለ ቴሌቪዥን እያወራ ነው። እዚያ ሥራ ይኖረኝ እንደሆነ ትንሽ ልየው። ለኤልመር መቃብር ያሠራሽው ድንጋይ ስለቆመ ደስ ብሎኛል፤ ባልሽ ከማንም በላይ ይገባው ነበር።

ወንድምሽ ኦሪን


ሳርጀንት፣ ነብራስካ
ዲሴምበር 15 ቀን 1953

ለወንድሜ ለኦሪን፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጤናዬን ጠይቀሃል፤ ከላሞቹ እሻላለሁ። በረዶው እስከ አጥሩ ሽቦ ደርሷል።

ቅዳሜ ከቭላስታ ጋር አዲሱን ፊልምህን ለማየት ከተማ ወረድን። ታውቃታለህ፣ የባለሱቁ የህሩሽካ ሚስት፤ በአማቷ ቤት በቼክ ቋንቋ ስትሰደብ ኖራ አሁን ሁሉንም እሷ የምትሰድበው። አዲስ ይሉታል ፊልሙን። አንተ ስትጋልብ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነህ። ከፈረሱ ስትወርድ ሆድህ ቀድሞህ ይወርዳል። ቭላስታ በጆሮዬ፣ «መንገዱ ምን ያህል ቢረዝም ነው እንዲህ ያስረጀው?» አለችኝ። የሰደርያውን ነገር አስረዳኋት። «እንግዲያው የኔንም ባል አንድ ልብስ ላልብሰውና የድሮው ይምጣልኝ» አለች።

ስትወድቅ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ሚስተር ስሎፕ ከኋላ ሆኖ፣ «ቨርዳ፣ ዛሬም ለቅሶ አለብሽ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሙሉ ነፍስ ይማር አለ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ፤ በየሳምንቱ አይለቀስ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለመሬቱ ሚስተር ኬስለር መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ብዙ ስለ አየሩ አወራ፤ እሱ ስለ አየሩ ሲያወራ ሌላ ነገር እንዳለው አውቃለሁ።

«ቨርዳ፣ ኤልመር ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። የመሬቱ ውል የሚታደሰው ማርች አንድ ነው። ይህን ያህል መሬት ለማረስ ወንድ ያስፈልጋል» አለኝ።

«በሬም ያስፈልግ ነበር» አልኩት። «ትራክተር ሲመጣ ምን እንደደረሰበት ያውቃሉ።»

ሳቀ፤ ግን ቃሉን አላጠፈም። አንተ ከመጣህ በሁለታችን ስም ይፈርማል። ካልመጣህ መሬቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለው። ማርች አንድ ምን እንደሆነ አልረሳህም ብዬ አስባለሁ። መሬት የለቀቀውም የያዘውም ምድጃውን በመኪና ጭኖ መንገድ ላይ የሚተላለፍበት ቀን ነው። እኔ ከዚህ ቤት ምድጃዬን ጭኜ መውጣት አልፈልግም።

ልመና አልችልበትም፤ አባታችን አላስተማረንም። ና ነው የምልህ።

እህትህ ቨርዳ


ሰሜን ሆሊውድ
ጃንዋሪ 5 ቀን 1954

ለእትዬ ቨርዳ፤

አባባ ቶሊቨር የሚባል ሽማግሌ እንድሆን ተጠይቄያለሁ።

እንኳን አደረሰሽ፤ ዘግይቼም ቢሆን። ገናንም አዲስ ዓመትንም ያለ ደብዳቤ ስላሳለፍኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ና ላልሽኝ ወዲያው መመለስ ነበረብኝ። የዘገየሁት የምመልሰው ስላጣሁ ነበር፤ አሁን ደግሞ የምመልሰው በዛብኝ።

ሚስተር ፍሪሽ የሚባል ሰው በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ የካውቦይ ታሪክ ሊሠራ ነው። ጀግናው ዴል ሃርጊስ የሚባል ልጅ ነው፤ መልኩ ያምራል፣ ፈረስ ይፈራል። ከአጠገቡ የማይለይ፣ ባቄላ የሚቀቅልለት፣ ሰው የሚያስቅ ሽማግሌ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ለሙከራ ከጠሩን አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጁ ጅብ መሰል አውሬ ለማባረር ሽጉጡን ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ እኔ ድስቴን እያማሰልኩ፣ «ጆሮዬን አደነቆርከው፣ አንተ ቀውስ!» እላለሁ። ያቺው ናት። መንገዱን ሁሉ እሷን እየደገምኩ ሄድኩ።

ተኮሰ። እኔ ሆዴን ይዤ ድስቱ ላይ ወደቅኩ።

እትዬ፣ ምን ልበልሽ። ሽጉጥ ሲጮህ ከመሞት ሌላ አላውቅም። ባቄላው ውስጥ ተጋድሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «አለቀልህ፤ ወደ በቆሎህ ተመለስ» አልኩ ለራሴ። ከዚያ ሳቅ ሰማሁ። የመብራቱ ሠራተኞች ሁሉ ይስቃሉ። ፍሪሽ ዓይኑን እየጠረገ መጣ።

«አንተ፣ ማን ተኮሰብህ?»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ልማድ ነው።»

«ይሄን ልማድ ወድጄዋለሁ» አለና ወደ ጸሐፊው ዞረ። «በየሳምንቱ ጥይት በሰማ ቁጥር ይውደቅ። ከዚያ ይነሳ።»

ከዚያ ይነሳ አለ። በሥራዬ ዘመን ሁሉ ተነስ ያለኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ፍሪሽ አፌን እንድከፍት ጠየቀኝ። ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«የራስህ ናቸው?»

«የራሴ ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ያሳዝናል» አለ።

በእኛ ሥራ አስቂኝ ሽማግሌ ጥርስ የለውም። ሌሎቹ ካሜራው መቅረጽ ከመጀመሩ በፊት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ። አፋቸው ይሰበሰባል፣ አገጫቸው አፍንጫቸውን ሊነካ ይደርሳል፤ ተመልካቹ ገና ሳይናገሩ ይስቃል። እኔ የማወልቀው የለኝም። ፍሪሽ የሚለው፣ «ሁሉንም አስነቅል፣ የሐኪሙ ሒሳብ በእኔ ነው» ነው። ካልሆነ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ጥርሶቼ አንድም ቀን አመውኝ አያውቁም። እስቲ ምን ትያለሽ? ላሞቹንስ በዚህ ብርድ ማን እያለበልሽ ነው?

ወንድምሽ ኦሪን


ሳርጀንት
ጃንዋሪ 14 ቀን 1954

ለወንድሜ ለኦሪን፤

ይህን የምትጽፍልኝ ቭላስታ ናት። ብርዱ እጄን አደንዝዞታል።

ደብዳቤህን ሁለቴ አስነበብኩ፤ መጀመሪያ የተቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። ጤነኛ ጥርስ? ሰው እንዲስቅ? ፈረስ እንኳ ጥርሱ ሲያልቅ ነው ከሥራ የሚወጣው፤ አንተን ግን ሥራ ለማስገባት ጥርስህን ይነቅሉሃል። የምን አገር ነው ያላችሁት?

ባቄላው ላይ የወደቅከውን ግን ቭላስታ እያነበበች ከወንበር ልትወድቅ ነበር። (አልወደቅኩም። ቭ.) እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን አሰብኩት። አንተ ቅዳሜ ስትሞት አላዝንም ነበር፤ ማክሰኞ ደብዳቤህ ይመጣልና። ሲመታህም ሲጥልህም የነበረው ውሸት ነበር፣ ስትነሳ አንድም ነገር አልጎደለብህም። ይሄኛው እውነት ነው። ጥርሱ ተመልሶ አይበቅልም።

ኬስለር እንደገና መጥቶ ነበር። በጎተራው ዙሪያ ዞሮ ሄደ። ስለ አየሩ እንኳ አላወራም።

ላሞቹን ማን ያልባል ብለሃል። ይታለባሉ።

ና ማለቴ እንዳለ ነው።

እህትህ ቨርዳ

ውድ ኦሪን፤ ስለ እጇ እንዳልጽፍ አስምላኛለች፤ ስለዚህ አልጻፍኩም። ኮላች የሚባለውን የቼኮች ጣፋጭ ዳቦ በፕሪም ሞልቼ ጋግሬ በጥቅል ልኬልሃለሁ። ጥርስህ እያለ ብላው። ቭላስታ


ሰሜን ሆሊውድ
ጃንዋሪ 22 ቀን 1954

ለእትዬ ቨርዳ፤

እጅሽ ምን ሆነ?

ሰላምታውን ከዚህ በኋላ አደርሳለሁ። መጀመሪያ ይህን መልሺልኝ፤ ድንዛዜ ነው አትበይኝ። ብርድ አደንዝዞሽ እንኳ ለገና ካርድ የምትጽፊ ሴት ነሽ።

ለወይዘሮ ቭላስታ፤ ኮላቹ ደርሶኛል። ተሰባብሮ ነበር፤ ፍርፋሪውን በማንኪያ በላሁት። መሐላሽንም በደንብ ጠብቀሻል።

እትዬ፣ የፍሪሽን ጉዳይ ልንገርሽ። ድዴ እስኪድን፣ ከዚያም ሰው ሠራሹ እስኪለካ ጊዜ ስለሚፈልግ ቀጠሮ አስይዞልኛል፤ ፌብሩዋሪ 25፣ ሐሙስ ጠዋት። ቀረጻው የሚጀምረው በጸደይ ነው። ከቀጠሮው ከቀረሁ የሚቀጥለው ሽማግሌ ይጠራል።

ምክር ፈልጌ ሩፍ ጋነን ዘንድ ሄጄ ነበር። ፊልም ላይ አይተሽዋል፤ በቅሎ እየጎተተ ከጀግናው ኋላ የሚመጣው። ኒውሆል አጠገብ በአንዲት ትንሽ ቤት ይኖራል። እንግዳ ሲመጣ ጥርሱን ያደርጋል፤ ለእኔ አላደረገም። ሾርባ አቀረበልኝ።

«ያማል?» አልኩት።

«ሲነቀል አያምም። አፕል ስታይ ነው የሚያመው።»

«ተጸጽተህ ታውቃለህ?»

ሾርባውን ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ፣ «ጥርሴን አድርጌ ገበያ ስወጣ ዞሮ የሚያየኝ የለም። አውልቄ ስወጣ ሕፃኑም እናቱም ይከተሉኛል። የቱ እኔ እንደሆንኩ አልጠይቅም፤ የሚያበላኝን አውቃለሁ» አለኝ። «አንተ ግን ለምን ትጠይቀኛለህ? ሃያ ዓመት ከመሞት ሌላ ምን ሠራህ? እኔ አንድም ቀን ሞቼ አላውቅም። ፊልሙ ሲያልቅ ሁልጊዜ ቆሜ ነው።»

«እህቴ ቤት ና ትለኛለች።»

«የበቆሎ እሸት ያምርሃል?»

«ያምረኛል።»

«እንግዲያው ወይ አሁን ሂድ፣ ወይ ከእንግዲህ አትሂድ» አለኝ። ከዚያ ስለ በቅሎዋ አወራን፤ ሞታለች።

አንድ ነገር አስቤአለሁ። የፍሪሽ ደመወዝ በየወሩ ይመጣል፤ ጥሩ ሠራተኛ ልቅጠርልሽ። ወይም አንቺ ወደዚህ ነይ። ቤቱ ይበቃናል። አትቆጪ፣ ሐሳብ ነው።

ስለ እጅሽ ጻፊልኝ።

ኦሪን


ሳርጀንት
ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1954

ለወንድሜ ለኦሪን፤

እጄ ተሰብሯል። ቀኙ፣ አንጓው ላይ። ከገና በፊት ነው፤ ውሃ መሳቢያው አጠገብ በረዶው አንሸራተተኝ። ጀሶ ውስጥ ነው፣ ያሳክከኛል እንጂ አሁን አያመኝም። ሐኪሙ እስከ ማርች አጋማሽ ይቆይ ብሏል።

ያልነገርኩህ አስቤበት ነው። ብነግርህ በማግስቱ ባቡር ላይ ነበርክ። የምትመጣው ግን ለእጄ ነበር። እጅ ደግሞ ይድናል፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችን ምን እንል ነበር?

ጠዋትና ማታ የቭላስታ ባል እየመጣ ያልብልኛል። ላሞቹ አልወደዱትም። እኔም አልወደድኩትም። (ባሌ ነው። እኔም አንዳንዴ አልወደውም። ቭ.) ባልዲውን አንድ ጊዜ ሳይደፋ ሄዶ አያውቅም፤ ግን በዚህ በረዶ ሳይቀር ይመጣል፤ እግዜር ይስጠው።

ካሊፎርኒያ ነይ ያልከውን አነበብን። እዚያ ምን ላደርግ ነው? አንተ ባቄላ ላይ ስትወድቅ ላጨበጭብ? ሠራተኛ ቅጠሪ ያልከውንም አነበብን። ለሠራተኛ ኬስለር አይፈርምም። ውሉ ላይ የሚፈልገው ጠረጴዛው ላይ እንደ ቤተኛ የሚበላ ሰው ነው፤ የዚህ አገር ሰው እንዲያ ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ ስንት ቀን አስቤአለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ገባሁ፤ ለፊልሙ ሳይሆን ለሙቀቱ። አንተ ነበርክ ደግሞ። አለቃው ካርታ ዘርግቶ ስለ ባቡሩ ዘረፋ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ አንተ ከኋላው ቆመሃል። ሌላ ጊዜ ይህን ክፍል ፋንዲሻ እየበላሁ ነው የማሳልፈው፤ በአንድ እጅ ፋንዲሻ መያዝም መብላትም አይቻልምና አንተን ማየት ጀመርኩ። ሰውየውን ታዳምጠዋለህ። የሚለውን ሁሉ ገና አሁን እንደምትሰማ አድርገህ ታዳምጠዋለህ። አንድ ቦታ ላይ ዕቅዱ እንደማይሳካ ገባህ፤ ፊትህ ላይ አየሁት፤ ግን አለቃህ ነውና ዝም አልክ። ያንን ማንም አላየም። ስሎፕም አላየም፤ ልትሞት ስትል ነው ቀና የሚለው። አባታችን አጥር ሲተክል፣ ማንም በማያልፍበት በኩል ያለውንም እንጨት ቀጥ አድርጎ ነበር የሚተክለው።

እኔ ያንተን ሥራ መውደቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ ና አልልህም። አትምጣም አልልህም። ቭላስታ እያለቀሰች ስለሆነ እዚህ ላይ ይብቃን። (ጉንፋን ነው። ቭ.)

ቨርዳ


ሰሜን ሆሊውድ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1954

ለእትዬ ቨርዳ፤

ደብዳቤሽን ካገኘሁ ቀናት ሆነኝ። ዛሬ ጠዋት ፍሪሽ ዘንድ ሄጄ ጥርሴ ሳይነቀል መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት፤ በጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ወይም ከንፈሬን ወደ ውስጥ አጥፌ።

እንደምን ከረምሽ? እጅሽን ወደ ላይ ከፍ አድርገሽ ያዢው። ብዙ ጊዜ የተሰበርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ እንኳ እመኚኝ።

ከንፈር ማጠፉን በመስተዋት ተለማምጄ ነበር። የቤት አከራዬ ሚስስ ላርኪን በሩን ከፍታ አየችኝና፣ «ሚስተር ታድሎክ፣ ሐኪም ልጥራልዎ?» አለችኝ። ፍሪሽም አየው። ሃርጊስንም ጠርቶ አሳየው። ልጁ በትሕትና፣ «ጥሩ ነው ጌታዬ፣ ግን የታመመ ሰው ይመስላሉ» አለኝ። ፍሪሽ፣ «ሰው በበሽተኛ አይስቅም ኦሪን። ጥርስ በሌለው ሰው ይስቃል። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። እስከ ቀጠሮው ጠዋት ድረስ እንደሚጠብቀኝም ነግሮኛል።

ለምን ወዲያው እምቢ እንዳላልኩት ጠይቀሻል፤ ባትጠይቂም ጠይቀሻል። በፊልሙ መጀመሪያ ስም ሲዘረዘር እኔን አይተሽኝ ታውቂያለሽ? አታውቂም፤ ሁለተኛው ሽፍታ ስም የለውም። አለቃው እንኳ ሲጠራኝ «አንተ» ነው የሚለኝ። አባባ ቶሊቨር ስም አለው። ባርኔጣ የሚሰቅልበት ምስማር አለው። ልጁ ሲያዝን የሚያናግረው እሱን ነው። ጸሐፊው የጻፈለትን አንድ ንግግር አሳየኝ፤ ስለሞተች ሚስቱ ነው፤ አስቂኝ አይደለም። ያንን ንግግር ሌላ ሰው ሲናገረው መስማት አልፈልግም።

የጻፍሽልኝን፣ ያየሽኝን ነገር፣ አንብቤ አጠፍኩት፤ ከዚያ እንደገና ዘረጋሁት። ካርታው ላይ ስለነበረው ዘረፋ ልክ ነሽ፣ እንደማይሳካ አውቅ ነበር። ዳይሬክተሩ እንኳ አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የወሰንኩት። የሚያውቀው ሰው ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። የምትፈልጊው ሰው ነው ወይስ እኔን? ለውሉ የሚፈርም፣ ላም የሚያልብ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚበላ ሰው ከሆነ፣ ሌላ መላ ይፈለጋል። እኔን ከሆነ ሌላ ነው። ና አልልህም ብለሽ አትለፊኝ። አንቺ ዝም ስትዪ ከስድብሽ ይበልጥ ያስጨንቀኛል።

ኦሪን


ሳርጀንት
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1954

ኦሪኔ፤

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉን ታገሠው። ይህንን ቭላስታ እንድትጽፈው አልፈለግኩም።

አንተን ነው።

ሰውማ ሞልቷል። የህሩሽካ የአጎት ልጅ ለውሉ ሊፈርም ፈቃደኛ ነው፤ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት ይላሉ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ኤልመር ከሞተ ጀምሮ እራት ስበላ የማወራው ለምድጃው ነው። ለህሩሽካ የአጎት ልጅ የማወራው የለኝም።

ይህን ካልኩህ ሌላውንም ስማ። በእኔ አመካኝተህ ጥርስህን አታትርፍ። በእኔ አመካኝተህም አታስነቅለው። እኔ ሜዳ ላይ አልወድቅም። ሱቁ ፎቅ ላይ ቭላስታ ባዶ ክፍል አላት፤ መስኮቱ ዋናውን መንገድ ያያል። መውጣቱን ብጠላውም ምድጃዬን ጭኜ እሄዳለሁ፤ ማርች አንድ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፣ የሚያፍር የለም። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን አባባ ቶሊቨርን አያለሁ። ህሩሽካ ቴሌቪዥን ሊገዛ እየዛተ ነው። ስለ ሚስቱ ሲናገር ፋንዲሻ አልበላም።

ጠልቼህ አይደለም የምለው። ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ በጣም። ሁለቱንም እኩል መጻፍ በግራ እጅ ከባድ ነው።

ኬስለር ትላንት መጣ። በረዶው ላይ ቆሞ፣ «እንግዲህ ቨርዳ?» አለኝ።

«ወንድሜ ሐሙስ ቀጠሮ አለው። ከዚያ በፊት መልስ የለኝም» አልኩት።

«የምን ቀጠሮ?»

«የጥርስ ሐኪም።»

«ሠላሳ ዓመት መሬት አከራይቻለሁ» አለ፤ «ውሌን የጥርስ ሐኪም ሲወስንልኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።» ቢሆንም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እመጣለሁ፣ ያኔ ግን ቁርጡን እፈልጋለሁ ብሎ ሄደ።

በአየር ፖስታ ስለላክሁት ረቡዕ ይደርስሃል። መልስ አትጻፍ፤ አይደርስም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቅ፣ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ህሩሽካ እስኪዘጋ ድረስ። ደውል። ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ ወይም ቀረሁ ብለህ ማስረዳት አያስፈልግህም። አፍህን ስትከፍት፣ ከመጀመሪያው ቃልህ አውቀዋለሁ።

ቨርዳ